እንቁላሉ ያረፈው ማን ላይ ነው?

ስለ ተማሪዎች ንቅናቄ ሲወራ ቅደም ተከተሉን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። የካቲት 1957 «መሬት ላራሹ»፣ ኅዳር 1962 የዋለልኝ መኮንን የብሔረሰቦች ጥያቄ ጽሑፍ፣ ታኅሣሥ 1962 የጥላሁን ግዛው ግድያ፣ ከዚያ 1966 እና አብዮቱ። በመሀል ግን አንዲት ቀን አለች፤ ተራኪዎች ፈገግ ብለው ቶሎ የሚያልፏት። መጋቢት 1960። የፋሽን ትርኢቱ!

ለማታውቁት ላውጋችሁ። ቦታው 6 ኪሎ፣ የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ራስ መኮንን አዳራሽ ነው። ግቢው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የንጉሡ ቤተ መንግሥት ነበር፤ ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ነው ለትምህርት የተሰጠው። አዳራሹ ውስጥ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጀ። ልብሱን ለብሰው የሚያሳዩት የዩኒቨርሲቲው ሴት ተማሪዎች ናቸው። ከአዘጋጆቹ መሀል አሜሪካዊት ነበረችበት፤ በቬትናም ጦርነት ዘመን «አሜሪካ» የምትለዋ ቃል ምን ያህል ክብሪት እንደነበረች መገመት አያቅትም። ተማሪዎች፣ በአብዛኛው ወንዶች፣ ተሰባስበው ተቃወሙ። ተቃውሞው መፈክር ብቻ ሆኖ አልቀረም። ሴቶቹና ትርኢቱን ሊያዩ የመጡት እንግዶች ተሰደቡ፣ ተመቱ፣ እንቁላል ተወረወረባቸው። ፖሊስ ገባ። ተማሪዎች ታሰሩ። ዩኒቨርሲቲው ለጊዜው ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ወሬው ሁሉ ስለ እስሩ፣ ስለ መዘጋቱ፣ ስለ መንግሥትና ስለ ተማሪው ፍጥጫ ሆነ።

ልጆቹስ? እንቁላሉን ከፀጉራቸው ላይ የጠረጉት ልጆችስ?

እንግዲህ ፍትሐዊ እንሁን። የተቃዋሚዎቹ ክርክር ባዶ አልነበረም። የፋሽን ትርኢት ማለት የውጭ ኩባንያ ሸቀጡን የሚያራግፍበት ገበያ ማዘጋጀት ነው፤ ሚኒ ስከርት የባህል ወረራ ነው፤ ገበሬው በባዶ ሆዱ ገባር ሆኖ ሳለ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የቅንጦት ልብስ ማሳየት ነውር ነው የሚል ነበር። ወሎ ውስጥ ሰው በረሃብ ያለቀው ገና በ1958 ነው። ቁስሉ ትኩስ ነበር። እንዲያውም ክርክሩን ከስድቡ ለይታችሁ ብቻውን ብታነቡት፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ፌሚኒስቶች ካሉት ብዙም አይርቅም። ናኦሚ ዎልፍ የምትባለው አሜሪካዊት ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1990 ስለ ውበት ባሳተመችው መጽሐፍ ላይ ያነሳችው አንዱ ነጥብ ይኸው ነው፤ ሴት ልጅ መልኳን እንድትጠላ የሚደረገው በመጥላቷ የሚያተርፍ ስላለ ነው። የኛዎቹ ልጆች በሃያ ሁለት ዓመት ቀድመዋታል ማለት ይቻላል።

ችግሩ ገበያው ውስጥ ስንት ሰው እያለ እጅ የተነሣው በማን ላይ ነው? ነው። ሸቀጡን የሚያመጣው አስመጪ አዳራሹ ውስጥ የለም። ቀረጥ የሚሰበስበው መንግሥትም መድረኩ ላይ የለም። ያሉት በዚያ ሁሉ ወንድ መሀል በጣት የሚቆጠሩ፣ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የስንቱን አጎትና የስንቱን «ሴት ልጅ ምን ትምህርት ያስፈልጋታል» ባይ ጎረቤት አፍ ያለፉ የሃያ ዓመት ልጆች ናቸው። ደግሞ እስቲ አስቡት፤ የተቃዋሚው ሱሪ ከየት የመጣ ነው? ከረባቱስ? ኮቱስ? ከረባትን የኢትዮጵያ ገበሬ ሸምኖት አያውቅም። ወንዱ የፈረንጅ ልብስ ሲለብስ «ዘመናዊ» ነው፤ ሴቷ ስትለብስ ሀገር ትሸጣለች። የሀገር ባህል እንዲህ ከሴት ጉልበት በላይ ባለች ስንዝር ላይ ብቻ የሚንጠለጠል ከሆነ፣ እውነትም አደጋ ላይ ነበር ማለት ነው።

(ይህ ትውልድ ለሴቶች ምንም አላደረገም እያልኩ አይደለም። ጥቂት ቆይቶ የሴቶች ጥያቄ በተማሪው ክርክር ውስጥ ገብቷል። ኅዳር 29 ቀን 1965 አውሮፕላን ለመጥለፍ ሞክረው ከተገደሉት መሀል ከዋለልኝ ጋር የሕክምና ተማሪዋ ማርታ መብራህቱ ነበረች። ለመሞት ሲሆን እኩልነቱ ቶሎ ይገኛል።)

ወደ ጨዋታችን እንመለስ። የሚገርመው በዚያው ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር ገና 1960 ሳያልቅ፣ ጳጉሜን 2 ቀን፣ ሌላ አገር ሌላ የቁንጅና ትርኢት ላይ ሌላ ሰልፍ ተደረገ። አትላንቲክ ሲቲ፣ አሜሪካ። የሚስ አሜሪካ ውድድር ቀን ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ከአዳራሹ ውጪ ተሰለፉ። ትልቅ የቆሻሻ በርሜል አቁመው ጡት መያዣ፣ ባለ ተረከዝ ጫማ፣ አርቴፊሻል ሽፋሽፍት፣ የወለል መወልወያ፣ መጽሔት... «ያሰረን ይሄ ነው» ያሉትን ሁሉ ጣሉበት። ሕያው በግ አምጥተው ዘውድ ደፉላት። «ፌሚኒስቶች ጡት መያዣ ያቃጥላሉ» የምትባለው የዘላለም ቀልድ የተወለደችው ከዚህ ቀን ነው፤ እውነቱ ግን በርሜሉ አልተቃጠለም። የቦርዱ መተላለፊያ ከእንጨት ስለሆነ እሳት አልተፈቀደም ነበር። ቀልዱ ከእሳቱ በላይ ዕድሜ አገኘ።

በዚያው ምሽት በዚያው ከተማ ደግሞ ሌላ መድረክ ነበር። ሚስ አሜሪካ ላይ እስከዚያ ድረስ አንዲትም ጥቁር ሴት ተወዳድራ አታውቅም። ስለዚህ ጥቁሮቹ የራሳቸውን «ሚስ ብላክ አሜሪካ» አዘጋጁ፤ ያሸነፈችው ሳውንድራ ዊሊያምስ ፀጉሯን በተፈጥሮው ትታ ነበር የቀረበችው። ነጮቹ ሴቶች ዘውዱ ይቅርብን ሲሉ ጥቁሮቹ ለእኛም ይድረሰን አሉ። ሁለቱንም ለመረዳት አያስቸግርም። ዘውድ ተደፍቶልሽ የማያውቅ ከሆነ «ዘውድ አያስፈልግም» የሚለው ምክር ትንሽ የጠገበ ሰው ምክር ይመስላል።

እኔን የገረመኝ ግን ከሰልፉ በኋላ የሆነው ነው። ከአዘጋጆቹ አንዷ ካሮል ሃኒሽ ከሁለት ወር በኋላ በራሳቸው ሰልፍ ላይ ትችት ጻፈች። ትችቷ ሲጠቃለል፣ መፈክሮቻችን ተወዳዳሪዎቹን ልጆች ጠላት አስመሰሉ፤ ቆንጆ ሴት ሁሉ የተጠላች እስኪመስል ድረስ፤ እነሱ ግን በአንድ ቀንበር ስር ያሉ እህቶቻችን ናቸው፤ ጣት መቀሰር የነበረበት በሚያተርፉት ላይ ነው የሚል ነው። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሴቶች በማንም ላይ እንቁላል አልወረወሩም። በመፈክር አጻጻፍ ብቻ ነው ራሳቸውን የገመገሙት። ሂስና ግለ ሂስ የሚለው ነገር በኛ አገር የተማሪና የፓርቲ ኑሮ ውስጥ ስንት ሌሊት እንደፈጀ አስቡና፣ ስለ መጋቢት 1960ዎቹ ልጆች የፈጀው ስንት ደቂቃ ይሆን?

ይህ የኛ ብቻ ነገር ነው እንዳትሉ። በዚያው ዘመን ታንዛኒያ ውስጥ የገዢው ፓርቲ ወጣቶች ክንፍ «ኦፕሬሽን ቪጃና» ብሎ ከ1961 ጀምሮ ሚኒ ስከርትን፣ ዊግን፣ ፊት ማቅያ ክሬምን ከዳሬሰላም ጎዳና ሊያጸዳ ዘመቻ ወጣ። ከዘመቻው በፊት እንኳን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ሴቶች ተደብድበዋል። ማላዊ ውስጥ ካሙዙ ባንዳ በ1965 ሴት ሱሪና አጭር ቀሚስ እንዳትለብስ ሕግ አወጡ፤ ሕጉ ከሃያ ዓመት በላይ ቆየ። ነፃ የወጣ አገር ነፃ መውጣቱን የሚያረጋግጥበት ቀላል መንገድ ተገኘ መሰለኝ፤ ባንኩን መውረስ ከባድ ነው፣ ቀሚስ መለካት ግን ሜትር ብቻ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ። ልጆቹ በ«ባህላችን» ስም ነበር የተመቱት። ለመሆኑ በሴት መልክ ጉዳይ ባህላችን ምን ይመስል ነበር?

አንዳንዱ ደስ ይላል። በግዕዝ «መልክእ» የሚባል የድርሰት ዓይነት አለ፤ ለቅዱሳን የሚደረስ፣ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር እያንዳንዱን የአካል ክፍል በየተራ ሰላም የሚል። መልክአ ማርያም፣ መልክአ ኢየሱስ የምንላቸው እነዚህ ናቸው። ክንድ፣ ጣት፣ ተረከዝ... የሚዘለል የለም፤ «ይቺ ትንሽ ብትስተካከል» የሚባልላት የለችም። አንድ ሕዝብ እንዲህ ዓይነት ድርሰት ኖሮት ስለ ሰው ገላ በምስጋና መናገር አያውቅም ማለት አይቻልም።

አንዳንዱ ደግሞ ገላን እንደ ማስታወቂያ ሰሌዳ የሚጠቀም ነው። «ሳዱላ» የምትለዋን ቃል ዛሬ በዘፈንና በስም ነው የምናውቃት፤ ታምራለች። በመሠረቱ ግን የፀጉር ቁርጥ ስም ናት። መሀል አናቷ የተላጨ፣ ዙሪያውን ብቻ ፀጉር የተተወላት ልጃገረድ ሳዱላ ትባላለች፤ ስታገባ ታሳድገዋለች። ማለትም አግብታ እንደሆነና እንዳልሆነ መንገደኛው ሁሉ ከአናቷ ያነባል። የወንድሟ አናት ላይ እንዲህ ያለ መረጃ ይለጠፍ ነበር ወይ? ልጅ ሆኖ ቁንጮ ወይም ጋሜ ነበረው፤ ካደገ በኋላ ግን ሚስት ይኑረው አይኑረው በፀጉሩ የሚያውቅበት የለም።

ንቅሳትም አለ። አንገት ላይ በመስመር በመስመር፣ ግንባር ላይ መስቀል፣ ድድ ላይ ጥርስ እንዲነጣ። በመርፌ ወይም በእሾህ፣ ጥላሸትና የቅጠል ጭማቂ እየተቀባ፣ ብዙዎቹ ገና ልጅ ሳሉ የተነቀሱት ነው። ያማል። ማንም «ትፈልጊያለሽ?» አላለም። ግን ደግሞ ጌጥ ነበር፤ ያላት ትኮራበታለች። ከዚያ ከተማ መጣች። ከተማ ያንኑ ንቅሳት «ገጠሬ» አለው።

እኔ የምኖረው ለቡ ነው። መብራት ኃይል ኮንዶሚኒየም አካባቢ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከሕንፃዎቹ ስር ካሉት ሱቆች መሀል የሴቶች ፀጉር ቤት የሌለበትን ረድፍ መፈለግ ድካም ነው። ባለፈው አንዱ ውስጥ ተራ ስጠብቅ ለልጃቸው ሠርግ ሊሠሩ የመጡ ሴትዮ ነበሩ፤ አንገታቸው ላይ ያለው ንቅሳት አምስት መስመር ነው፤ እንደ ሐብል። ሜካፕ የምትሠራው ልጅ ብሩሿን አንሥታ ቆም አለችና፣

«እትዬ፣ አንገትዎን በፋውንዴሽን ላጥፋልዎት እንዴ? ፎቶ ላይ እንዳይታይ?»

ሴትዮዋ በመስተዋቱ አዩዋት። «ልጄ ናት እንዴ ያለችሽ?»

ልጅቷ ዝም አለች። ብላት ነበር ማለት ነው።

«አጥፊው በቃ» አሉ፤ ቀጥለው ደግሞ «እናቴ ይሄን ስታስነቅሰኝ ካልተነቀስሽ ማን ያገባሻል ብላ ነው» አሉና ሳቁ። ፀጉር ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቁ ግን ጉሮሮዬ ላይ ነው የቀረው። በአንድ አንገት ላይ ሁለት ትእዛዝ፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከልጅ።

ከሁሉ የከበደው ግን የቀለሙ ነገር ነው። ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር። አማርኛ ስለ ቆዳ ያለው የቃላት ሀብት አንዳንዴ ያስፈራኛል። ይህ ደረጃ ከፈረንጅ መጽሔት የመጣ ነው ብለን ብናመካኝ ደስ ባለኝ፤ ግን አይደለም። የኛ የራሳችን ታሪክ አለበት፤ ስሙም ባርነት ይባላል። በዚህ አገር ሰው እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይሸጥ ነበር፤ ባርነትን ሙሉ በሙሉ የሻረው አዋጅ የወጣው በ1934 ነው። ከአያቶቻችን ዕድሜ አይርቅም። አዋጁ ገበያውን ዘጋ፤ ዓይንን ግን አልዘጋም። የአፍንጫ መስፋት፣ የከንፈር መወፈር፣ የፀጉር መክረር፣ የቆዳ መጥቆር «ዘሩ ከወዴት ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ተደርጎ መታየቱ ቀጠለ። «ሰልካካ አፍንጫ»፣ «ሉጫ ፀጉር»፣ «ዞማ» ብለን ስናሞግስ፣ በሌላው በኩል «ከርዳዳ» ብለን ስንስቅ፣ የውበት ምርጫ ብቻ እየተናገርን አይደለም። ማን ጌታ ማን አገልጋይ እንደነበረ የሚያስታውስ መዝገብ ነው የምናነበው። ጥቁር የሆነች ልጅ መልኳን መውደድ ሲያቅታት «በራስሽ ተማመኚ» ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ ግን በራስ መተማመን ያጣችው ብቻዋን ተቀምጣ አይደለም፣ ብዙ ሰው ተባብሮ ነው ያሳጣት።

አንዲት ቃል አለች፤ እኔ በልጅነቴ ከዘመድ ሁሉ የሰማኋት። «ግን» ትባላለች። «ጠቆር ያለች ናት ግን ታምራለች።» ለማሞገስ ነው የሚሉት፤ ክፋት የለባቸውም። ይቺ «ግን» ግን ረጅም መንገድ የመጣች ናት። በመኃልየ መኃልይ ጥቁርነቷንና ውበቷን የምትናገረውን ሴት ሁላችሁም ታስታውሷታላችሁ። በዕብራይስጡ ሁለቱን ቃላት የሚያያይዘው ፊደል «እና»ም «ግን»ም ሊሆን ይችላል። የግሪኩ ትርጉም «እና» ብሎ ተረጎመው፤ የላቲኑ ቩልጌት «ግን» አለው፤ የ1611ዱ የእንግሊዝኛ ኪንግ ጄምስም ላቲኑን ተከትሎ «ግን» አለ። አንዲት አያያዥ ቃል ተለውጣ የሴትየዋ ኩራት ይቅርታ መጠየቅ ሆነ። ጥቁር እና ቆንጆ ብሎ መናገር ለምን እንደሚከብደን ራሳችሁን ሞክሩት፤ ዛሬ ማታ እራት ላይ ስለ አንዲት ዘመዳችሁ «ጥቁር ናት፣ ቆንጆም ናት» በሉና የሚሆነውን ተመልከቱ።

ታዲያ ከውጭ የመጣ ሰው ጥቁርነታችንን ቢያሞግስስ? እሱም ተሞክሯል! በ1927፣ ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ፣ «ፋቼታ ኔራ» የሚል ዘፈን ወጣ። ትርጉሙ «ትንሽዬ ጥቁር ፊት» ማለት ነው። ቆንጆዋን ሐበሻ ከባርነት አውጥተን ሮም እንወስድሻለን፣ ጥቁር ሸሚዝ እናለብስሻለን ይላል በጥቅሉ። ወታደሩ እየዘፈነው ዘመተ፤ የሴቶቻችን ፎቶ በፖስታ ካርድ ታትሞ በየኪሱ ዞረ። አገራችንን የመውረር ማስታወቂያ ላይ የተለጠፈው የሴት ፊት ነበር። ከዚያ ወረራው አለቀና የፋሺስቱ መንግሥት ራሱ በዘፈኑ ማፈር ጀመረ፤ ዘርን ከዘር ያቀላቅላል ብሎ። ሚያዝያ 1929 ጣሊያናዊ ከቅኝ ተገዢ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር የሚከለክል፣ እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር ሕግ አወጣ። በሁለት ዓመት ውስጥ ያቺው ፊት ከሽልማትነት ወደ ወንጀልነት ተዛወረች። ፊቷ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሮም ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «የኢትዮጵያ ሴት ቆንጆ ናት!» ብሎ ሲያንቆለጳጵስ እኔ መጀመሪያ የማየው ምን ሊሸጥ እንደመጣ ነው።

የቁንጅና ውድድሩ በ1990ዎቹ እንደገና ደመቀ። በኅዳር 1996 ሃያት አህመድ ቻይና ሳንያ ላይ በሚስ ወርልድ ተወዳድራ የአፍሪካ ንግሥት ተባለች፤ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ሊያ ከበደ የኤስቴ ላውደር መዋቢያ የመጀመሪያዋ ጥቁር ወኪል ሆና ነበር። ማንም እንቁላል አልወረወረም። ጋዜጣው ሁሉ ጨፈረ፤ የአገር ገጽታ ተባለ። እኔም አልከፋኝም፤ ጥቁር ፊት ትልቅ ቢልቦርድ ላይ ማየት ለአንዲት ልጅ ትርጉሙ ቀላል አይደለም። ግን ከ1960 ጋር አስተያዩት። ያኔ መድረክ የወጣችው ሀገር አዋረደች ተባለ፣ አሁን የወጣችው ሀገር አስጠራች ተባለ። በሁለቱም ጊዜ ልጅቷ ባንዲራ ናት። ባንዲራ ደግሞ ይሰቀላል፣ ይወርዳል፣ ይሰደባል፣ ይሳማል እንጂ አስተያየት አይጠየቅም።

ገበያውም ጊዜውን አላባከነም። የፋሽን ትርኢቱ ዘመን ልጆች የፈሩት ሸቀጥ ዛሬ ለቡም ጆሞም ሐና ማርያምም በየሱቁ መደርደሪያ ላይ ነው። ሂውማን ሄር፣ ፔስትራ፣ ፊት የሚያቀላ ክሬም። ፀጉር የፈለገችውን ታድርገው፤ ሹሩባም ዊግም የራሷ ጉዳይ ነው፣ በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልከራከርም። ክሬሙ ግን ሌላ ነገር ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሜርኩሪ አለባቸው፤ ሜርኩሪ በቆዳ ገብቶ ኩላሊት ይጎዳል። ሃይድሮኪኖንና ስቴሮይድ ያለባቸውም አሉ፤ ስቴሮይዱ ቆዳን እያሳሳ ፀሐይ እንኳን እንዳይችል ያደርገዋል። የሚናማታ ስምምነት የሚባለው ዓለም አቀፍ ውል ሜርኩሪ የተጨመረባቸውን መዋቢያዎች እ.ኤ.አ. ከ2020 በኋላ እንዳይመረቱና እንዳይነገዱ ይላል፤ ሩዋንዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ላይ ፖሊስ አሰማርታ ከየሱቁ አስለቅማለች። እኛ ጋ መንግሥት መዋቢያን በሰፊው ያሰበው በጥቅምት 2015 ነበር፤ የውጭ ምንዛሪ ሲያጥር እንዳይገቡ ከከለከላቸው 38 ዓይነት ዕቃዎች መሀል ሽቶና መዋቢያ ነበሩበት። ክልከላው በሐምሌ 2016 ተነሣ። ምክንያቱ ዶላር እንጂ የማንም ኩላሊት አልነበረም።

ታዲያ ሴቶቹ ራሳቸው የሚናገሩበት ጊዜ መጣ ወይ? መጥቷል ባይ ነኝ፤ ቀስ ብሎ። እ.ኤ.አ. በ2014 «ሴታዊት» የሚባል ንቅናቄ ተመሠረተ፤ ፌሚኒስት የሚለውን ቃል ሳይሸሽ፣ እንዲያውም አማርኛ ስም ፈልጎለት። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት «የሎው ሙቭመንት» ተጀመረ። ተማሪዎቹ ግቢ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግተው ስለ ለከፋ፣ ስለ ጥቃት፣ ሴት ልጅ መንገድ ላይ ስለሚደርስባት ነገር ከሚያልፍ ከሚያገድመው ጋር ያወሩ ነበር። የሕግ ትምህርት ቤቱ የት እንደሆነ ታውቃላችሁ አይደል? 6 ኪሎ ነው። ራስ መኮንን አዳራሽ ያለበት ያው ግቢ።

የመጋቢት 1960ዎቹ ልጆች ዛሬ በሕይወት ያሉት ወደ ሰማንያ እየተጠጉ ነው። እኔ ባነበብኳቸው መጻሕፍት ውስጥ የተቃዋሚዎቹ ክርክር ገጽ በገጽ ተተንትኖ አግኝቻለሁ፤ የነሱ ግን በመስመር የሚቆጠር ነው። ከመካከላችሁ አያቷ ወይም አክስቷ በዚያን ዓመት 6 ኪሎ የተማረች ካለች፣ በሚቀጥለው እሑድ ቡና ስትጠጡ ጠይቋት። ምን ለብሳ እንደነበር ብቻ አትጠይቋት፤ ያን ዕለት ምን ልትል ፈልጋ እንደነበር፣ ማታ ዶርም ስትገባ ከጓደኞቿ ጋር ምን እንደተባባሉ፣ ልብሱን ከዚያ በኋላ ለብሳው ታውቅ እንደሆነ ጠይቋት። ፈቃደኛ ከሆነች ጻፉልን፤ ስሟን ካልፈለገች ሳትጠሩ። እዚሁ እናወጣዋለን።